የኬኒ ሮጀርስ «ቴን ይርስ ኦፍ ጎልድ» ካሴት፦ ፍጥነቱ ነው የተበላሸው ወይስ ሌላ ቅጂ ነው?

ሱሉልታ_ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሙዚቃ ቤት የተቀዳ የኬኒ ሮጀርስ ካሴት ወደ ፍላሽ ላወርድ ነው። ባለ 60 ደቂቃ ነው፣ ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «ቴን ይርስ ኦፍ ጎልድ» ተብሎ ተጽፏል። ኤ ገጹ ላይ «ሩቢ»፣ «ሩበን ጄምስ» እና «ሰምቲንግስ በርኒንግ» አሉ፤ ቢ ገጹ ላይ «ሉሲል» እና «ዴይታይም ፍሬንድስ»።

ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ «ሩቢ» ዩቲዩብ ላይ ከማገኘው ጋር አልገጥም አለ። ኦዳሲቲ (የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ፍጥነቱን ብጨምርም ብቀንስም መጀመሪያው ሲገጥም መጨረሻው ይሸሻል። ሁለተኛ፣ ድምፁ ታፍኗል፣ ግራው ከቀኙ ያንሳል። ሦስተኛ፣ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው እምምም የሚል ነገር አብሮ ይገባል። ቴፑ በመብራትም በድንጋይም የሚሠራ ባለ እጀታ ስቴሪዮ ነው። እዚህ ሱሉልታ ማታ ማታ መብራቱ ስለሚደክም ችግሩ ከዚያ ይሆን?

የድሮ_ሸክላ፦

ፍጥነቱን ከመንካትህ በፊት እጅህን ሰብስብ። የምታስተያየው ከተሳሳተ ቅጂ ጋር ነው።

ዩቲዩብ ላይ ቶሎ የሚመጣው «ሩቢ» እ.ኤ.አ. በ1969 ሮጀርስ ከፈርስት ኤዲሽን ቡድን ጋር ለሪፕራይዝ የሙዚቃ ኩባንያ የዘፈነው ነው። «ቴን ይርስ ኦፍ ጎልድ» ግን የወጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ቡድኑ ተበትኖ፣ ሰውዬው ብቻውን ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ገብቶ፣ «ሉሲል» በ1977 ስሙን ዳግም ከፍ አድርጎለት ነበር። አንድ ኩባንያ ሌላው ያሳተመውን ቅጂ እንዳሻው አያወጣም። ስለዚህ የአልበሙ አንደኛ ገጽ የቡድኑ ዘፈኖች ከፕሮዲውሰሩ ላሪ ቡትለር ጋር እንደገና የተዘፈኑበት ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ደግሞ ብቻውን ያወጣቸው ዘፈኖች፣ ቀድሞ እንደተቀዱት። አንተ «አልገጥም አለኝ» ያልከው ሌላ ቀን፣ በሌሎች ሙዚቀኞች የተቀዳ ሌላ ሥራ ነው። መጀመሪያውን ብታስማማው መጨረሻው የሚሸሸው ለዚህ ነው።

ሙዚቃ ቤቶች ርዕስ ያደባልቁ ስለነበር ካሴቱን እንዲህ ለየው። «ዘ ጋምብለር» ወይም «ሌዲ» ካለበት ከዚህ አልበም ብቻ የተቀዳ አይደለም። «ዘ ጋምብለር» የ1978 ነው። ላዮነል ሪቺ የጻፈለት «ሌዲ» ደግሞ በ1980ው «ግሬተስት ሂትስ» ላይ አዲስ ሆኖ የወጣ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ስብስቦች አንድ ያደርጋቸዋል። በ1980ው ላይ ያሉት «ሩቢ» እና «ሩበን ጄምስ» እንደገና የተዘፈኑት ናቸው፤ ስለዚህ ኤ ገጹን ለማመሳከር እሱን ፈልግ፣ «ፈርስት ኤዲሽን» የሚል የተጻፈበትን ተወው።

ለፍጥነት ግን ዋናው መለኪያህ «ሉሲል» ይሁን። እሱ በሁለቱም ስብስቦች ላይ ያው አንድ ቅጂ ነው። ከመጀመሪያው ጊታር እስከ መጨረሻው የሚሰማ ቃል ያለውን ጊዜ በዲጂታሉም በካሴቱም ለካ፤ መጨረሻው እየቀነሰ ስለሚጠፋ የፋይሉን ርዝመት አትመን። ለምሳሌ በዲጂታሉ 200 ሰከንድ የሆነው በካሴቱ 194 ቢመጣ፣ 194 ለ200 ሲካፈል 0.97 ነው። በኦዳሲቲ ፍጥነትና ቅኝት አብሮ በሚቀይረው ላይ 0.97 ትሰጠዋለህ። ርዝመቱን ብቻ የሚቀይረውን «ቴምፖ» አትንካ፤ ቅኝቱን ስህተት ላይ ይተወዋል። 6% አካባቢ ሲደርስ ዘፈኑ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ወጥቷል ማለት ነው፣ ያን ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል።

ባለካቻቢቴው፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ስሌቱ የሚሠራው ስህተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ብቻ ነው። የሚዋዥቅ ከሆነ መጀመሪያ ማሽኑን አስተካክል፣ በኋላ በሶፍትዌር አይመለስም።

ወንድሜ፣ መብራቱን ትተህ በድንጋይ ቅዳ። መብራቱ ሲደክም ሞተሩ የሚያገኘው ቮልት ይወርዳል፣ ዘፈኑም መሀል ላይ ይጎተታል። ትልልቁን ድንጋይ ስድስት ከሚወስድ 9 ቮልት፣ አራት ከሚወስድ 6 ቮልት ነው። ሁሉንም አዲስ አድርግ፤ አንዱ አሮጌ ከሆነ ሌሎቹን ይጎትታል። በአዲስ ድንጋይም ከተወላገደ ቤልቱ (ሞተሩ ሌላውን የሚያዞርበት ጎማ) ላልቷል። ቤልት ሲያረጅ ወይ ይለጠጣል ወይ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። የቀለጠውን ከፑሊው (ቤልቱ ከሚጠመጠምበት መዘውር) ላይ በአልኮል ጠርገህ ጨርስ፣ ሁለት እጥፍ አድርገህ የለካኸውን የድሮውን ይዘህ መርካቶ መለዋወጫ ጋ ሂድ። ውፍረቱም ቅርጹም ይለያያል፤ ክቡን በአራት ማዕዘኑ አትተካ።

ለታፈነው ድምፅ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። ፕሌይ ተጭነህ (ካሴት ሳይኖር) ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ብረት) ሲወጣ በጆሮ ጥጥና በአልኮል ጥረገው፤ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ቀይር። አጠገቡ ያለችውን ቀጭን ብረትም እንዲሁ። የጎማዋን ሮለር ግን በውሃና በጥቂት ሳሙና፤ አልኮል ሲደጋገም ጎማ ያደርቃል፣ የደረቀ ጎማ ነው ክር የሚበላው። ቴፑ የዶልቢ (የክሩን ሽሽታ ድምፅ መቀነሻ) ቁልፍ ካለው አጥፋው፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳን በዶልቢ ማጫወት ራሱ ድምፁን ያፍነዋል።

ከጠረግህ በኋላም ከታፈነ የሄዱ አቀማመጥ ነው። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባት ትንሽ ብሎን አለች። መጀመሪያ የነበረችበትን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርግባት። ካሴቱ እየተጫወተ፣ ሁለቱን ቻናል ወደ ሞኖ አጣምረህ፣ በትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ከሩብ ዙር ሳታልፍ በጣም ቀስ ብለህ ወዲህ ወዲያ አዙራት። «ስ» እና ጸናጽሉ ደምቆ የሚወጣበት ነጥብ ጠባብ ነው፣ ስትደርስበት ድንገት መጋረጃ እንደተገለጠ ይሆናል። ካሴቱ የተቀዳበት ዴክ (መቅጃ ቴፕ) ሄዱ ጠማማ ከነበረ የአንተም ሄድ ለዚህ ካሴት እንደ እሱ መጥመም አለበት። ኤ እና ቢ ገጽ ላይ ነጥቡ ሊለያይ ስለሚችል ገጹን ስትገለብጥ እንደገና አዳምጥ። ስትጨርስ ወደ ምልክትህ መልሳት።

የግራው ማነስ በጽዳትና በዚህ ካልተስተካከለ ክሩን ራሱን እየው። የግራ ቻናል የሚቀዳው በክሩ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ነው፤ ጠርዙ ከተጨማደደ መጀመሪያ የሚደክመው እሱ ነው። ከሄዱ ትይዩ ክሩን የምትደግፈው የጥጥ ትራስም ወድቃ እንደሆነ ተመልከት። የካሴቱ ቤት ባለ አምስት ብሎን ከሆነ ፈትተህ ከማይፈለግ ካሴት ላይ ትራሷን ከነብረቷ በወረንጦ አንስተህ ትተካለህ። ማስቲሽ አትጠቀም፣ ክሩ ላይ ይደርሳል።

ሰበታ_ሬዲዮ፦

አልኮሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70% አልኮል ለሄዱ ይሠራል፣ ግን ውሃም ስላለበት ካሴት ከማስገባትህ በፊት 10 ደቂቃ ይድረቅ። የእጅ ጄል በፍጹም፤ ውስጡ ያለው ቅባት ሄዱ ላይ ይቀራል። ሱሉልታ ብርዳማ ስለሆነ ካሴቱ ቀዝቃዛ ቦታ ከቆየ ሳታጫውተው ጥቂት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቆይ። በመስኮቷ ስታየው የተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ካለ ሻጋታ ነው፤ ያን ካሴት ሳይጸዳ አታስገባ፣ ከሄዱ ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይተላለፋል። ንጹሕ ከሆነ አንዴ እስከ መጨረሻ አጠንጥነህ መልሰው፤ ለዓመታት አንድ ላይ የተጣበቀው ክር ይላቀቃል።

እምምም የሚለው ከላፕቶፑ ቻርጀር ነው። ነቅለህ በባትሪው ቅዳ። ቴፑም በድንጋይ ከሆነ ሁለቱም ከሶኬት ስለተለዩ ይጠፋል። ካልጠፋ ገመዱ ነው፣ ቀይረው።

ላፕቶፑ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በዚያ አትቅዳ። ያ የማይክ መግቢያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፣ ለማይክ ደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነም የቴፑ ድምፅ ሲገባበት ይሰነጠቃል። «ግራው ያንሳል» ያልከው ከፊሉ ከዚህ ሊሆን ስለሚችል ሄዱን ከመፍታትህ በፊት በኢርፎን ከቴፑ በቀጥታ ስማው። ላይን ኢን (ከቴፕና ከመሳሰሉት የሚመጣ ድምፅ መግቢያ) ያለው ስቴሪዮ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዛ፤ ስትገዛ «ማይክ» ብቻ የሚለውን ሳይሆን ቀይና ነጭ መግቢያ ያለውን ምረጥ። ቴፑ ላይን አውት ካለው ከዚያ፣ ከሌለው ከኢርፎን ቀዳዳ ድምፁን ግማሽ ላይ አድርገህ፣ ቤዝና ትሬብሉን መሀል ላይ አቁመህ።

ኦዳሲቲ ላይ የቅጂውን ጥራት 44100 ኸርዝ፣ 24 ቢት አድርገው። በጣም የሚጮኸው የዘፈኑ ክፍል ከ-12 እስከ -6 ዲቢ (ዴሲቤል) መካከል ይምታ። ዜሮን የነካ ድምፅ ተቆርጧል፣ አይጠገንም፤ ያነሰውን ግን በኋላ ታነሳዋለህ። ገጹን ሳታቋርጥ ሙሉውን ቅዳ፣ ጥሬውን በዌቭ (ባልታመቀ ፋይል) አስቀምጥ። 40 ደቂቃ ስቴሪዮ ወደ 635 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ጥራት ሳይቀንስ በሚያምቀው በፍላክ ቢሆን ግማሽ አካባቢ። ፍጥነት ማስተካከሉንም ሽሽታ መቀነሱንም በኮፒው ላይ ሥራ። የሽሽታ ማጥፊያውን ከ6 ዲቢ በላይ አትግፋው፣ የሮጀርስ ድምፅ ውስጥ ያለችውን ያቺን ሻካራነት ጠርጎ ይወስዳታል። ከዘፈኑ ግማሹ እሷ ናት።

ሱሉልታ_ማዶ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኢርፎን ሳዳምጠው ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ስለዚህ መግቢያው ነው። «ሉሲል»ን ለካሁት፦ 0.98 መጣ። በድንጋይ ሁለቴ ስለካው ያው ነው። ይህንኑ ቁጥር ኤ ገጹ ላይም ልጠቀም?

የድሮ_ሸክላ፦

ሁለቴ አንድ ዓይነት ከመጣ ቤልትህ ደህና ነው። ኤ ገጹን ግን በግምት አታስተካክለው፤ የቀዳው ሰው ገጾቹን በተለያየ ቀን ወይም በተለያየ ዴክ ቀድቷቸው ሊሆን ይችላል። የ1980ውን «ሩቢ» አውጥተህ ልክ እንደ «ሉሲል» ለካ። 0.98 ከመጣ ለሁለቱም ገጽ ይሆናል፣ ካልመጣ ኤ ገጹ የራሱን ቁጥር ይውሰድ። ፋይሎቹን ስትሰይም የኤ ገጹን ዘፈኖች «1969» ብለህ አትጻፍባቸው፤ «እንደገና የተዘፈነ» በልና የአልበሙን ስም ጨምር።