የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ተገኘብኝ፤ ሊፕ (የታመመውን ክፍል በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ ማውጣት) የተሠራላችሁ እህቶች እርዱኝ

ሰላም እህቶች። 36 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጤና ጣቢያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የማህፀን በር ምርመራ አለ ሲሉኝ ምንም ሳያመኝ ሄድኩ። አቼቶ የመሰለ ነገር ቀብተው ሲያዩ ነጭ ነገር ታየ። "ቪያ ፖዘቲቭ ነሽ" አሉኝ፤ ምርመራው የቅድመ ካንሰር ምልክት አሳየ ማለት ነው።

ነርሷ ጎበዝ ናት፣ አረጋጋችኝ። ካንሰር አይደለም፣ ብዙ ሴት ላይ ይገኛል አለች። ኤች ፒ ቪ (ይህን የሚያመጣው ቫይረስ) አብዛኛውን ሰው በሆነ ጊዜ ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋም ካንሰር እስኪሆን ዓመታት ይፈጅበታል። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት ላይ ግን ይፈጥናል፤ እኔ ተመርምሬ ነጻ ነኝ።

ችግሬ ሌላ ነው። ነጩ ነገር ሰፊ ስለሆነ እዚያው በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት አይታከምም ተብዬ፣ ለሊፕ ወደ ሆስፒታል ተላክሁ። እዚያ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ጠብቂ። እስከ መቼ? የሚነግረኝ የለም። ጎረቤቶቼ "አታስነኪው፣ ይብስበታል" ይላሉ (እነሱ ምን አለባቸው!)። ባለቤቴም ሦስተኛ ልጅ ይፈልጋል።

ጥቂት ወራት ብጠብቅ ያሰጋል? ወይስ ተበድሬም ቢሆን የግል ልሂድ? ከሊፕ በኋላ አርግዛ በሰላም የወለደች አለች? ዋጋውንም የምታውቁ ንገሩኝ።