የጭላቱ ጎጆ ጉዳይ፦ ለአስተዳደሩ የምናስገባው የጋራ ሀሳብ (ረቂቅ)

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስብሰባው ላይ ሰዓት ስላጠረን ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው። ለግቢው አስተዳደር የምናስገባው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ተስማምተናል። እስካሁን ያለን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ትልቁ ዛፍ ላይ ያለው የጭላት ጎጆ እንዲነሳልን እንጠይቃለን።» የማይስማማ ካለ አሁኑኑ ይናገር። ፊርማ ላይ ስንደርስ ጭቅጭቅ አልፈልግም።

ከ3ኛ ፎቅ፦
ዓረፍተ ነገሩን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ሰገነት ላይ ቆሜ ስልክ አወራለሁ፣ በሌላ እጄ ቁራሽ ይዣለሁ። ድምፅ የለ፣ ኮሽታ የለ። ጆሮዬ ሥር ነፋስ ሽው አለ፣ እጄ ባዶ ቀረ። አውራ ጣቴ ላይ ጭረት። ቀና ስል ጭላቱ እየበረረ፣ ቁራሼን ከእግሩ ወደ ምንቃሩ እያቀረበ ይበላል! ሳያርፍ! የ2 ዓመት ልጅ አለችኝ። ነገ እሷን ቢያነሳትስ?

የእንስሳት ሐኪሟ፦
እንኳን ተረፍሽ እህቴ። ጭረቱን በሳሙናና በውሃ ደህና አድርገሽ እጠቢው፣ ጥፍራቸው ንጹሕ አይደለም። ስለ ልጅሽ ግን እንቅልፍ አትጪ። ጥቁር ጭላት ክንፉን ሲዘረጋ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ግዙፍ የሚመስለው ለዚህ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ አይሞላም። ሕፃን ይዞ መነሳት አይችልም። የፈለገው ቁራሹን ነው። እንዲህ ሰው እጅ ድረስ የሚደፍረው ደግሞ ሰው ሲያለማምደው ነው። ከሰገነት የሚወረውርለት ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ከምድር ቤት፦
እሺ፣ እኔ ነኝ። ልጆቹ አየር ላይ ሲቀልበው ማየት ይወዳሉ። አቆማለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
ስለተናዘዝክ እናመሰግናለን። ንጥል 1፦ ከመስኮትና ከሰገነት ለወፍ ምግብ አይወረወርም፣ የቆሻሻ ገንዳ ክዳን ክፍት አይተውም። ጎጆው ግን ይነሳ ወይስ አይነሳ?

ዶሮ አርቢው፦
ይነሳ! 3 ጫጩት በልቶብኛል። ሰው የሚመስል ማስፈራሪያ ተከልኩ፣ ኮፍያ ሳይቀር አድርጌለት። በሦስተኛው ቀን ጭላቱ ኮፍያው ላይ አርፎ ጓሮዬን ሲቃኝ አገኘሁት።

የእንስሳት ሐኪሟ፦
ሳቄን ይቅር በለኝ ወንድሜ። አሻንጉሊት የማይንቀሳቀስ መሆኑን ቶሎ ያውቁታል። መድኃኒቱ ከላይ መሸፈን ነው። ጫጩቶቹ የሚውሉበትን አጥር አናቱን በመረብ ሸፍነው፣ ግን መረቡ እንዲወጠር። ከላላ ወፍ ይጠላለፍበታል፣ ያኔ ለማስለቀቅ የምትቧጨረው አንተ ነህ። ጎጆውን ብታነሱት ደግሞ ጥንዶቹ ቀጣዩ ዛፍ ላይ ይሠራሉ። ደግሞም እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን የአዳኝ ወፍ ጎጆ መንካት በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ስለ ጭላቱ ይህን ያህል ስታወሩ ስለ ጉጉቷ ትንፍሽ ያለ የለም። ጣሪያው ሥር የምታድረዋ፣ ፊቷ ልብ የሚመስለው ነጯ። ጩኸቷ እንደሚቀደድ ጨርቅ ነው፣ አልክድም። ግድግዳው ሥር ደግሞ አውራ ጣት የሚያክል ጥቁር ድቡልቡል ነገር ትጥላለች። ኩስ እንዳይመስላችሁ። አይጥን እንዳለች ትውጣለች፣ አጥንቱና ፀጉሩ አይፈጭላትም፣ ጠቅልላ ትተፋዋለች። አንዱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ በመርፌ ፈታሁት። 4 የራስ ቅል ወጣ። የአንዳንዶቹ የፊት ጥርስ ብርቱካንማ ቀለሙ አልጠፋም። ከልጅ ልጄ ጋር ወረቀት ላይ ደርድረን ስናይ አመሸን።

ይህን የማወራው በከንቱ አይደለም። ሐሙስ ጠዋት ደረጃው ላይ ወድቃ አገኘኋት። ክንፏ ተዘርግቶ፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ። ፎጣ ጣል አድርጌባት በካርቶን ለሐኪሟ ወሰድኳት። ውጤቱን እሷ ትንገራችሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ፦
ሞታለች ጋሼ። አዝናለሁ። ስመረምራት ውስጧ ደም ሞልቶ ነበር። ምልክቱ የአይጥ መርዝ ነው። ብሮዲፋኩምን የመሰሉት መርዞች ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፣ አይጧን ግን ወዲያው አይገድሏትም። መርዙን በልታ ለጥቂት ቀን እየተንገዳገደች ትዞራለች። ለጉጉት ደግሞ ከእንዲህ ዓይነቷ አይጥ የቀለለ አደን የለም። መርዙ ጉበት ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ በላይ በላዩ ይጠራቀማል። በጊዜ ቢደረስ ቫይታሚን ኬ ሊያድን ይችላል። እኛ አልደረስንም።

ጸሐፊው፦
ከመዝገቡ ላይ አንድ ነገር ላንብብላችሁ? አምና «በየሕንፃው ጥግ የአይጥ መርዝ ይቀመጥልን» ብሎ የጠየቀው ይኸው ማኅበር ነው። ጽሑፉ በእኔ ፊርማ ነው የገባው።

ከ3ኛ ፎቅ፦
ወይኔ። እኔም ፈርሜያለሁ።

ዶሮ አርቢው፦
ሁላችንም ፈርመናል። ግን አይጡስ? መኖዬን ማን ይጠብቅልኛል? በአንዲት ጉጉት የተነሳ መርዝ ይቁም ከተባለ እኔ አልፈርምም።

የእንስሳት ሐኪሟ፦
«አንዲት» ባትል ደስ ይለኛል። በደቡብ እስያ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ለከብት ሲሰጥ፣ ሬሳውን የበሉ ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮን አለቁ። ማንም ሊገድላቸው ብሎ አልነበረም። ህንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ ከብዙ ጥፋት በኋላ። የአንተ መኖ ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ቢገባ ግማሹ ችግር ያልቃል። ለቀረው ባለ ምንጭ ወጥመድ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ልጅም ድመትም እንዳይነካው።

ዶሮ አርቢው፦
ለ3 ወር እንሞክረው። አይጡ ከበዛ እንደገና እንነጋገራለን፣ ይህም ጽሑፉ ላይ ይግባልኝ።

ሰብሳቢዋ፦
ይገባል። ሌላስ? አጠር አጠር አድርጉ።

ከምድር ቤት፦
የአዳራሹ መስታወት። ባለፈው አንድ ትንሽ ጭልፊት ርግብ እያባረረ መጥቶ ተላተመበት። የጭልፊት ምስል ብንለጥፍ?

የእንስሳት ሐኪሟ፦
አንድ ምስል አይጠቅምም፣ ጎን ጎኑን ያልፋሉ። ነጠብጣብ ይሁን፣ በውጭ በኩል፣ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ፣ መስታወቱን በሙሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የወደቀ አዳኝ ወፍ ስታገኙ እንደ ጋሼ አድርጉ። ፎጣ፣ ቀዳዳ ያለው ካርቶን፣ ጨለማና ጸጥታ። ውሃም ምግብም በግድ አትስጡ። ከምንቃሩ ይልቅ እግሩን ፍሩ። ዛፍ ላይ የምትኖር ጉጉት ላባው ያልሞላ ጫጩት ዛፉ ሥር ካያችሁ ግን፣ ካልተጎዳ ተዉት። ብዙውን ጊዜ እየተንጠላጠለ ይመለሳል።

ከ3ኛ ፎቅ፦
የኔን ዓረፍተ ነገር እኔው ልሰርዘው። በምትኩ ይህ ይግባ፦ «ጫጩቶቹ በረው እስኪወጡ ድረስ በትልቁ ዛፍ ሥር ያለው መተላለፊያ በገመድ ይዘጋልን፣ ማስጠንቀቂያም ይለጠፍበት።» ጭላቱን አሁንም አልወደውም፣ ይመዝገብልኝ።

ጸሐፊው፦
የመጀመሪያው ንጥል ግን የመርዙ ይሁን። «አምና የጠየቅነውን እናነሳለን» ብሎ የሚጀምር። አሁንም በእኔ ፊርማ።

ሰብሳቢዋ፦
እሺ፣ መርዙ 1፣ ምግብ መወርወሩ 2፣ መተላለፊያው 3፣ መስታወቱ 4። ማታ ንጹሑን እለጥፋለሁ። የተቀመጠውን መርዝ ማን ይሰበስባል?

ዶሮ አርቢው፦
የት የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። ከመጋዘኔ በስተጀርባ ያለውን ጨምሮ 6 ቦታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጓንት ያለው ይምጣ።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔ ጓንት አለኝ።