ጥያቄ፦ በባሕር ወለል ላይ ያለ የብረት ሉል የሚመልሰው ድምፅ፣ የስሌቱ ሳጥን ሲሰፋና ሲጠብ ለምን ይለዋወጣል?

ወለተ ማራኪ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለማሟያ ጽሑፌ የማሰላው 25 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው የብረት ሉል በአሸዋማ የባሕር ወለል ላይ ተቀምጦ፣ የ10 ኪሎ ኸርዝ የሶናር (በውኃ ውስጥ ድምፅ ልኮ በማሚቶው ዕቃ የሚፈልግ መሣሪያ) ሞገድ ሲመታው ወደ ምንጩ የሚመልሰውን ድምፅ ነው። ሞገዱ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 20 ዲግሪ ነው፤ ዘዴዬ ፋይናይት ኤለመንት ነው፤ ማለትም ሉሉን፣ በዙሪያው ያለውን ውኃና አሸዋ በአንድ የስሌት ሳጥን ከልዬ፣ ሳጥኑን እንደ መረብ በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍዬ አሰላለሁ። ባለ 16 ጊጋባይት ኮምፒውተሬ ስሌቱን ሳይጨርስ ይቆማል። ሳጥኑን ሳጠብበው ይጨርሳል፤ ነገር ግን የማሚቶው መጠን ከሳጥኑ ስፋት ጋር ይለዋወጣል። ሉሉ ያው፣ ውኃው ያው! የቱን ልመርምር?

ጋሼ አዘዞ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ በሳጥኑ ዳርቻ ሁሉ ሞገድ የሚውጥ ንብርብር መኖሩን አረጋግጪ። ከሌለ ሶናርሽ የሚጮኸው ባሕር ውስጥ ሳይሆን ባዶ ክፍል ውስጥ ነው።

የኮምፒውተሩ አቅም ግን በሌላ መንገድ ይፈታል። ድምፅ በባሕር ውኃ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የሞገድሽ ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአንድ የሞገድ ርዝመት 6 ክፍል ብትመድቢ እያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በባለ ሦስት አውታር ስሌት ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን የክፍሎቹ ብዛት 8 እጥፍ ያድጋልና ባለ ሦስት አውታሩን መንገድ ተዪው። ሉሉና ወለሉ በቁም ዛቢያቸው ዙሪያ ቢዞሩ አይለወጡም። መጪውን ሞገድ በዛቢያው ዙሪያ በፉሪየር ተከታታይ (ሞገዱን የቀላል ሞገዶች ድምር አድርጎ በሚጽፍ ቀመር) ዘርዝሪና እያንዳንዱን ሞድ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቀላል ሞገድ፣ ለብቻው በባለ ሁለት አውታር ፍቺ፤ 15 ያህል ሞድ ይበቃሻል። አንዱ ሞድ ባለቀ ቁጥር ውጤቱን በፋይል አስቀምጪ፤ የመብራቱን ነገር ታውቂዋለሽ።

የጣና ዳር ሰው፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። እህቴ፣ የሚበተነውን ድምፅ ስታሰዪ መነሻ ያደረግሽው መጪውን ሞገድ ብቻ ከሆነ፣ ከአሸዋው የሚነጥረው ሁሉ ከሉሉ እንደተበተነ ይቆጠራል። ወለሉ ዳርቻ የለውም፤ ሳጥኑ በሰፋ ቁጥር የሚደመረው አሸዋ ይበዛል። ስለዚህ መነሻው በውኃው በኩል መጪውና ከወለሉ የነጠረው ሞገድ ድምር፣ በአሸዋው በኩል ደግሞ ዘልቆ የገባው ሞገድ ይሁን። ሁለቱም በቀመር ይገኛሉ። የአሸዋው የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 1700 ሜትር ከሆነ ወሳኙ ማዕዘን (ሞገዱ ከዚህ ባነሰ ማዕዘን ሲመጣ አሸዋው ውስጥ ርቆ መጓዝ የማይችልበት ወሰን) 28 ዲግሪ ገደማ ነው። ያንቺ 20 ዲግሪ ከዚያ ያንሳል፤ ወደ አሸዋው የሚገባው ሞገድ በጥልቀት እየከሰመ ይሄዳል ማለት ነው። ከሳጥኑ ውጤት ተነስተሽ የሩቁን ማሚቶ በምታወጪበት ኢንቴግራል (የድምር ቀመር) ውስጥም የወለሉ ነጸብራቅ ይግባ።

ሰሜን ኮከብ፦
አሸዋ ከመጨመርሽ በፊት ሉሉን በነጻ ውኃ ውስጥ ፍቺው። ፍጹም ግትር ሉል ከሆነ፣ የራዲየሱን ግማሽ በሜትር ወስደሽ ሎጋሪዝሙን በ20 ስታባዢ የማሚቶው መጠን ከዜሮ በታች 18 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይመጣል። እውነተኛ ብረት ግን በውስጡ የራሱ ሞገዶች ስላሉት ከዚህ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እሱን ፋራን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ለጠጣር ሉል ካወጣው ተከታታይ ቀመር ጋር አመሳክሪ። ለመሆኑ ጣና ዳር ያለው ጎርጎራ ቅርብ ሆኖ ሳለ ለምን ባሕር?

ወለተ ማራኪ፦
ጣና አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ያህል ነው፤ የውኃው ገጽና የወለሉ ማሚቶ ይደራረብብኛል። ወለሉም ደለል እንጂ አሸዋ አይደለም።

የወለሉን ነጸብራቅ ስጨምር ሳጥኑ ቢሰፋም ቢጠብም ውጤቱ አንድ ሆነ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አሁን የቀረኝ ሉሉ አሸዋውን የሚነካበት ነጥብ ነው። እዚያ ላይ መረቡ እጅግ ይሾልና ፕሮግራሙ ስህተት ያሳያል።

ጋሼ አዘዞ፦
1 ሴንቲ ሜትር አስምጪው። ከባድ ነገር አሸዋ ላይ ሲያርፍ ጥቂት መስመጡ አይቀርም፤ የዛቢያው ዙሪያ ተመሳሳይነትም አይፈርስም። ከዚያ በ2 ሴንቲ ሜትር ደግሚና ልዩነቱን በጽሑፍሽ ላይ አሳዪ፤ ፈታኞችሽ መጠየቃቸው አይቀርም።