ሰው ፊት የማይከፈቱትን የካሴት ዘፈኖች ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ምክር ፈልጌ ነበር

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። 35 የሚሆኑ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ካሴቶች አሉ። አብዛኞቹ «ቀላል» የሚባሉት ናቸው፤ ኪቦርዱ ብቻውን ባንድ የሆነባቸው፣ ግጥማቸው ከአራት ስንኝ የማያልፍ፣ ሙዚቃ አውቃለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ቶሎ የሚዘጉ። አዝማቹ ሲደርስ ግን አፉን የሚይዝ የለም። ለጥር ሰርግ፣ ለመልሱ ማታ በፍላሽ እንዲደርሱ ተፈልጓል። ያለው ባለ ሁለት ካሴት ቴፕና ላፕቶፕ ነው።

ችግሩ ሦስት ነው፦ ድምፁ ይጎተታል፣ ታፍኖ ይወጣል፣ ላፕቶፕ ላይ ሲቀዳ ደግሞ ከሥሩ «እምምም» የሚል አለ። ቤቱ ደብረ ብርሃን ነው፣ ካሴቶቹ የተቀመጡት ዕቃ ቤት። ከዩቲዩብ አውርጂ እንዳትሉኝ፣ ግማሾቹ እዚያ የሉም።

ቴፕ ጠጋኝ ከሮቢት፦

እህቴ፣ ካሴቶቹን ከዕቃ ቤት አውጥተሽ ወዲያው እንዳታጫውቺ። የእናንተ አገር ውርጭ የያዘው ካሴት ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ላብ ያወጣል። እርጥብ ክር፣ ክሩን የሚጎትተው ጎማ ላይ ይለጠፍና አብሮ ይጠመጠማል፤ «ቴፑ በላው» የሚባለው ያኔ ነው። ላስቲክ ውስጥ እንደታሰሩ ሦስት ሰዓት ያህል ክፍሉ ውስጥ ይቆዩ፣ ላቡ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። ከዚያ እያንዳንዱን እስከ ዳር ወደ ፊት፣ እስከ ዳር ወደ ኋላ አጠንጥኚው። ለዓመታት የተኛ ክር ዙሩ ከዙሩ ይያያዛል፤ ሳይላቀቅ ከተጫወተ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ባለ 90 ካሴት ክሩ ከባለ 60 ስለሚሳሳ እሱን ደጋግመሽ አታመላልሺው። (እኛ ቆላዎቹ ጋ ችግሩ ሌላ ነው፤ ፀሐይ መኪና ውስጥ ያጣመመው ቀፎ። እሱ ክሩን ወደ ሌላ ባለ ብሎን ቀፎ ከማዛወር በቀር መድኃኒት የለውም።)

መጎተቱ። በድንጋይ ነው ወይስ በመብራት የሚሠራው? በድንጋይ ከሆነ አዲስ ድንጋይ ግዢና ሞክሪ። በመብራትም ከተጎተተ ቤልቱ ነው፣ ሞተሩ መዘውሩን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ። ቤልት ሲያረጅ ወይ ይለጠጣል ወይ እንደ ሬንጅ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ከመዘውሩ ላይ በአልኮል ሙልጭ ብሎ ካልተጠረገ አዲሱም ይንሸራተታል። ልትገዢ ስትሄጂ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ግን የእሱን ልክ አትውሰጂ፤ ተለጥጧልና ትንሽ ጠበብ ያለ ምረጪ። ብዙ ሞተሮች ጀርባቸው ላይ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የፍጥነት ብሎን አላቸው። ቤልቱ ሳይቀየር እሷን የነካ ሰው ችግሩን ሁለት ያደርገዋል።

መታፈኑ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ሄዱ፣ ክሩን የሚያነበው ብረት፣ ቆሽሾ ነው። የጆሮ ጥጥ በአልኮል ነክረሽ ሄዱንና አጠገቡ ያለውን ቀጭን የብረት ዘንግ ጥረጊ፣ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪተው ድረስ። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ ይሆናል፣ ግን ሩብ ሰዓት እንዲደርቅ ጠብቂ፤ 90 በመቶ ካገኘሽ የተሻለ ነው። አረቄ አይሆንም፣ አገራችሁ የአረቄ አገር ቢሆንም። ውሃው ይበዛል። ጎማውን ግን በአልኮል አትንኪው፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ሳሙና ይበቃዋል። በየአምስት ካሴቱ ይህን ድገሚ።

ከጠረግሽም በኋላ ታፍኖ ከቀረ ሄዱ ተዛንፏል። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያላት ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በትንሽ የፊሊፕስ ካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ፣ ወዲህና ወዲያ አዙሪያት፤ የጭብጨባው «ጭ» የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ የሚወጣበት ቦታ ላይ ተያት። ካሴቶቹ የተቀዱት በተለያየ ማሽን ስለሆነ ለአንዱ የተስተካከለው ለሌላው ላይስማማ ይችላል። አንዱ ካሴት ብቻ ከታፈነ ደግሞ መጀመሪያ ካሴቱን እይው፤ ክሩን ወደ ሄዱ የሚገፋው ትንሽ ስፖንጅ ወድቆ ይሆናል። ከማይረባ ካሴት ነቅለሽ መለጠፍ ነው፣ ሙጫው ግን ክሩን እንዳይነካ።

«እምምም» የሚለው የመብራት ድምፅ ነው፣ 50 ኸርዝ። ቴፑም የላፕቶፑ ቻርጀርም ከግድግዳ ሲሰኩ በገመዱ በኩል ይዞራል። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርገሽ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ቴፑን በድንጋይ አጫውቺ። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይጠፋል፤ በዚያው መብራት ሄደ ብሎ መቅጃ መበላሸት ይቀራል።

ሌላው ስህተት የማይክ ቀዳዳ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ያላቸው አንድ ቀዳዳ የጆሮና የማይክ ብቻ ነው፤ ማይኩ የሚቀበለው ሞኖ ነው፣ የቴፑን ጉልበት ደግሞ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። «ላይን ኢን» ያለው የዩኤስቢ የድምፅ ካርድ ያስፈልግሻል። ከቴፑ የጆሮ ማውጫ በስቴሪዮ ገመድ ወደ ካርዱ፣ የቴፑ ቮልዩም ከግማሽ በታች። ኦዳሲቲ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ በ44,100 ኸርዝና በ16 ቢት ቅጂ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ-6 ዲቢ አይለፍ። ዋቭ በሚባለው ያልታመቀ ፋይል ሲቀመጥ በደቂቃ 10 ሜጋ ገደማ ይወስዳል፤ 35ቱም ባለ 60 ከሆኑ 21 ጊጋ ቦታ አዘጋጂ።

የክራር ጅማት፦

ወንድሜ ከሮቢት ሁሉንም ብሎታል፤ በፍጥነቱ ላይ ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም በጆሮ «አሁን ተስተካከለ» ማለት ያታልላል። እዚህ ላይ የሚያድንሽ ያ የሚናቀው ኪቦርድ ነው። ክራርና ማሲንቆ በዘፋኙ ድምፅ ልክ ይቃኛሉ፣ ኪቦርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ እንደወጣ «ላ» የምትባለው ኖታው 440 ኸርዝ ላይ ናት። ስልክሽ ላይ የመቃኛ አፕ ጫኚ፣ ኪቦርዱ ብቻውን የሚጮህበትን መግቢያ አሰሚው። መርፌው መሐል ከቆመ ፍጥነቱ ልክ ነው። 30 ሴንት ዝቅ ካለ ካሴቱ 1.75 በመቶ ያህል ዘግይቷል፤ 100 ሴንት ማለት ግማሽ ድምፅ፣ 6 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ ልክ ግማሽ ድምፅ ከወረደ መርፌው አሁንም መሐል ይቆማል። ስለዚህ የዘፋኙን ድምፅም አድምጪ፣ ወይም ያው ዘፈን በሲዲ ካለ ርዝመቱን አወዳድሪ። በሲዲ 4፡00 የሆነው በካሴት 4፡15 ከመጣ 6.25 በመቶ ማፍጠን ነው። ኦዳሲቲ ላይ «ስፒድ» የሚለውን እንጂ «ቴምፖ» የሚለውን አትጠቀሚ፤ ሁለተኛው ምቱን ብቻ አፍጥኖ ድምፁን እንደወረደ ይተወዋል። ድምፁ ወርዶ ቢቀር ቅኝቱ አይበላሽም፣ ባቲ ባቲ እንደሆነ ይቀራል፤ ግን መልሱ ላይ ኪቦርድ ተጫዋች አብሮ ልጫወት ቢል አይገጥምለትም።

እነዚህ ዘፈኖች አፍ ላይ የሚቀሩትም በአጋጣሚ አይደለም። መግቢያው ላይ ኪቦርዱ የሚጫወተው ብዙ ጊዜ ራሱን አዝማቹን ነው። ከዚያ ዘፋኙ ይለዋል፣ ከዚያ ተቀባዮቹ ይመልሱታል። ቃሉን በቅጡ ሳትሰሚ ዜማውን ሦስቴ ሰምተሻል፣ ዜማው ደግሞ አምስት ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘፈኖቹን ስትለያዪ «ቶሎ ወደ ግጥሙ ይግባ» ብለሽ መግቢያውን እንዳትቆርጪ። ሰው የሚነሳው በእሱ ነው።

«ሽሽሽ» የሚለውን ማጥፋትም በልክ ይሁን። በሁለት ዘፈን መካከል ካለው ዝምታ ሁለት ሴኮንድ ናሙና ስጪው፣ ቅነሳውን 6 ዲቢ አድርጊው፣ ቢበዛ 9። ከዚያ ካለፈ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ የማሽኑ ጭብጨባም ይበላል። ጭብጨባውና ሽሽታው የሚኖሩት እዚያው ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ አይለያቸውም።

ዘመናይ ጆሮ፦

ለነዚህ ይሄ ሁሉ ድካም? የነጥላሁንን፣ የነማህሙድን ዘመን መክፈት አይሻልም?

ሰላድንጋይ፦

ልጄ፣ የሸክላው ዘመን ጠባቂ አግኝቷል። ኢትዮፒክስ የተባለው የሲዲ ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ብዙውን ከማስተሩ አውጥቶ አሳትሞታል፤ ዛሬ የትም ይገኛል። የኪቦርዱን ዘመን ግን ማን አሳተመው? ካሴቱ ሲበላሽ አብሮ የሚሄደው እሱ ነው። የሚያሳፍረንም የማሽኑ ድምፅ እንጂ ዜማው አይደለም። ያንኑ ዜማ ማሲንቆ ቢጫወተው ማንም አንገቱን አይደፋም ነበር።

የጠባሴዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ሰላድንጋይ፣ አሰላለፉንስ? ሽማግሌውም ወጣቱም ባለበት በምን ልጀምር?

ሰላድንጋይ፦

ገበታ እስኪነሳ ትዝታ ይሁን፣ 40 ደቂቃ ያህል፣ ሰው ድምፁን ሳያነሳ የሚያወራበት መጠን። ከዚያ ትልልቆቹ የሚያውቋቸው ሁለት የቆዩ ዘፈኖች፣ ሦስተኛው ላይ ያንን «የሚያሳፍረውን» አስገቢ። አንደኛ ካደረግሽው ሰው ይተያያል፤ ሦስተኛ ሲሆን ተነስቶ ነው የሚያገኘው። ሦስት ፈጣን ችክችካ ካለፈ አንድ ዘገም ያለ ጣል አድርጊ፣ ጉልበት ያለቀበት ይቀመጣል። በአንድ ቅኝት ያሉትን ሁለት ሁለት እያደረግሽ አስከትዪ። አንቺሆዬን አዝሎ የቆየ ጆሮ ወዲያው ወደ ሌላ ቅኝት ሲገባ አብሮ ለመዝፈን ግራ ይጋባል።

የካሴቱ ድምፅ ከዛሬው ዘፈን በጣም ያንሳል። «ላውድነስ ኖርማላይዜሽን» በሚለው ሁሉንም -14 LUFS ላይ አድርጊ፣ አለበለዚያ ቀጣዩ ዘፈን እንግዳውን ያስደነግጠዋል። ወደ ኤምፒ3 ስትቀይሪ በሴኮንድ 320 ኪሎቢት ይሁን፣ በደቂቃ 2.4 ሜጋ ነው፣ ዋቮቹን ግን አታጥፊ። ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጊ። ርካሽ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ስሙን ሳይሆን የገባበትን ቅደም ተከተል ነው የሚከተለው፤ 01፣ 02 ብለሽ ከሰየምሽ በኋላ አንድ በአንድ በተራቸው ኮፒ አድርጊ። የኪራይ ስፒከር አብዛኛው ሞኖ ነው፤ ሄዱ ተዛንፎ የተቀዳ ዘፈን ሞኖ ሲሆን ግራና ቀኙ እየተጣፋ እንደገና ይታፈናል። ከሰርጉ በፊት ሞኖ አድርገሽ ስሚያቸው።

ቴፕ ጠጋኝ ከሮቢት፦

አንድ ነገር ረሳሁ። ቀረጻ ከመጀመርሽ በፊት የሁሉንም ካሴት ጀርባ ሁለት ጥርሶች በካቻቢቴ ስበሪ፤ ያኔ በላያቸው መቅዳት አይቻልም። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ላይ «ፕሌይ» ልጫን ብሎ ቀዩን መቅጃም አብሮ የጫነ ሰው ዘፈኑን በራሱ ዝምታ ይተካዋል።

የጠባሴዋ፦

11ዱ ላይ ጥርሱ ድሮም የለም። የቀሩትን ዛሬ ማታ እሰብራለሁ፣ ቤልቱን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ላይ።