ጥቆማ፦ ለክረምት ዕረፍት ምን እንግዛ፣ ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? (ባሕር ዳር)

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነውና «ዲኤስቲቪ ላስገባ ወይስ ታብሌት ልግዛላቸው?» የምትሉ ወላጆች በዝታችኋል። የኔ ሐሳብ፦ የቤቱን ነገር በትንሽ ብር ጨርሱና የተረፈውን ለጀልባ አድርጉት። ጣና ደጃችን ላይ ተኝቶ ክረምቱን ሶፋ ላይ የሚጨርስ ልጅ ያሳዝነኛል።

ከዲሹ ልጀምር። አማራ ቴሌቪዥን፣ ፋና፣ ኢቢኤስ ኢትዮሳት በሚባለው የሳተላይት ሥርጭት ላይ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይገባሉ፤ ዲሹን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ማዞር ነው። ናይልሳትም ይጨመር ካላችሁ እሱ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ሁለተኛ ዲሽ ግድ ይላል። «በአንድ ዲሽ ሁለት ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለው ሞገድ መቀበያ) አስሬ ሁለቱንም አመጣለሁ» የሚል ባለሙያ ከመጣ አትስማሙ፤ ሳተላይቶቹ እጅግ ይራራቃሉ። ዲኤስቲቪ የሚያዋጣው ኳስ ለማያመልጠው ቤት ነው። ትልቅ ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ስታብላይዘር ግዙ። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ንቀሉ።

ከታብሌት ይልቅ ፓወር ባንክ እመርጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋም፣ መንገድ ላይም ይሠራል። ሻጩ «10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ነው፣ ስልክሽን ሁለቴ ይሞላል» ይላችኋል። ያ ቁጥር የሚለካው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ተቀይሮ ሲወጣ ከ6,000 እስከ 7,000 ገደማ ነው የሚደርሳችሁ። ትክክለኛው አቅም ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል፤ ያልተጻፈበትን ተዉት። ለልጁ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ጣና። ለትንንሾቹ የደብረ ማርያም ደሴት ትሻላለች። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ስለሆነች ልጁ ሳይሰለች ይደርሳል። በዚያ በኩል ጉማሬ ስለሚኖር ባለጀልባው ይጠጋ ዘንድ አትገፋፉት፤ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። ደንገል እየታሰረ ታንኳ ሲሠራ ካገኛችሁ ቆማችሁ አሳዩአቸው፣ ታንኳው ላይ ግን አታሳፍሯቸው።

ረዘም ያለ ጊዜ ካላችሁ ዘጌ። ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡና ጫካ ውስጥ በእግር ይኬዳል፤ ጦጣው፣ ወፉ፣ ጥላው ልጅን ያስሮጠዋል። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ ምድር በበሬ እንዳይታረስ ስለከለከሉ ነው ደኑ የቆየው፤ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩአቸውና በሬ ሲፈልጉ ይውላሉ። የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ደግሞ ፊደል ላልቆጠረ ልጅም ይነበባል። ነጠላ አትርሱ፣ ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ያዙ። የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ሴት ስለማይገባበት ሴት ልጅ ያላችሁ አጠገቡ ያለውን የእንጦስን ደሴት ምረጡ።

ርካሹ ጠዋት የሚነሳው የሕዝብ ጀልባ ነው፤ በራሳችሁ ሰዓት መመለስ ግን አይቻልም። የኮንትራት ጀልባ ዋጋ የሚቆረጠው ለጀልባው እንጂ በሰው ስላልሆነ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ተካፈሉት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ስለሚናወጥ በጠዋት ሄዳችሁ እኩለ ቀን ላይ ተመለሱ።

ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የልጅ ላይፍ ጃኬት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ለልጁ አልብሳችሁ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጃኬቱ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል፣ ውኃ ውስጥ አይዘውም። በልኩ ከሌላቸው ሌላ ጀልባ ፈልጉ፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ዳር ላይም እግሩን አይንከር፤ በጥልቀት በሌለው ውኃ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ ያስተላልፋሉ።

«ጢስ ዓባይስ?» ላላችሁት፦ ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለኃይል ማመንጫ ውኃው ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው ግርማው። በድሮው የድንጋይ ድልድይ በኩል ያለው መንገድ በክረምት ስለሚያንሸራትት ጠንከር ላሉ ልጆች ነው፣ ጫማቸውም ማሰሪያ ያለው ይሁን። የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ጠዋት ሳትጠይቁ አትነሡ።

በልጅ ልክ ላይፍ ጃኬት የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እዚህ ጻፉልን፤ ብዙ እናት እየፈለገች ነው።