ሁሁይን «ባዶ መሬት» ማለት ይቻላል ወይ? በአርጀንቲና ሊቲየም ላይ የተነሳ ክርክር

ጨው በረንዳ፦
ትናንት አንድ የኢኮኖሚ ፕሮግራም ሰምቼ በጣም ተናደድኩ። ተንታኙ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲያወራ ቆይቶ የባትሪው ሊቲየም የሚወጣበት ሰሜን አርጀንቲና ደረሰ። ስለ ሁሁይ ክፍለ ሀገር ያለው እንዲህ ነው፦ «ባዶ መሬት ነው። ጥቂት የላማ እረኞች መንገድ እየዘጉ ዓለምን ባትሪ ያሳጡታል።» አዘጋጁ አንድ ጥያቄ እንኳ አላነሳበትም። ሁሁይ ውስጥ ወደ 800 ሺህ ሰው ይኖራል። ዋና ከተማዋ ሳን ሳልቫዶር የተቆረቆረችው በ1593 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የኮያዎች ቅድመ አያቶች ደግሞ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት እዚያው ነበሩ። ባዶ የተባለው የቱ ነው?

ባትሪ ሰው፦
ቁጥሩን አታምታታው። 800 ሺህ ያልከው ሕዝብ ሊቲየሙ ያለበት ጨው ሜዳ ላይ አይኖርም። አብዛኛው ያለው ታች ነው፤ ሳን ሳልቫዶር፣ ፓልፓላ፣ ሸንኮራና ትምባሆ የሚበቅልበት ሸለቆ። ክፍለ ሀገሩ 53 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሊቲየሙ ያለው በምዕራብ፣ ፑና በሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ ነው። ከፍታው 3,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ሰውየው ባዶ ያለው ይሄንን ነው። ስድብ አይደለም።

የማድሪዷ፦
ሰው የሳሳበትና ሰው የሌለበት አንድ ነው እንዴ? በሳሊናስ ግራንዴስ ጨው ሜዳና በጓያታዮክ ሐይቅ ዙሪያ ብቻ 33 የነባር ሕዝብ ማኅበረሰቦች አሉ። ጨው ይቆርጣሉ፣ ላማና በግ ያረባሉ፣ ጎብኚ ያስተናግዳሉ። በ2015 «ካቺ ዩፒ» የተባለ ሰነድ ራሳቸው አዘጋጅተው አወጡ። ኩባንያም ሆነ መንግሥት መሬታቸው ላይ አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት እንዴት ሊያማክራቸው እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ የሚናገር ደንብ ነው። የአርጀንቲና ሕገ መንግሥት አንቀጽ 75ም ከመንግሥቱ በፊት የነበሩ ሕዝቦች መሆናቸውን ያውቃል፤ የጋራ መሬታቸውንም ይቀበላል። አገሪቱ የነባር ሕዝቦችን መብት የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት 169ኛ ስምምነት አጽድቃለች። አንተ ባዶ የምትለውን ሕጉ ባዶ አይለውም።

ከተሜው፦
እሺ፣ ሕጉን ሰማን። ሕዝቡ ምን ይብላ? ፓልፓላ ውስጥ ሳፕላ የሚባል ትልቅ የብረት ፋብሪካ ነበር። በ1992 ለግል ተሸጠ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ ከተማው እስካሁን ያንን ያስታውሳል። የቀረው ስኳር፣ ትምባሆ፣ የመንግሥት ደመወዝና ከቦነስ አይረስ የሚመጣ ድጎማ ነው። አሁን ዓለም የሚፈልገው ነገር በእግሩ ሥር ተገኘ። እናንተ ከማድሪድ ሆናችሁ «አትንኩት» ትላላችሁ።

የማድሪዷ፦
«አትንኩት» ያልኩበትን መስመር አሳየኝ። ያልኩት ጠይቁ ነው።

ባትሪ ሰው፦
ተጠይቀዋል እኮ! ፑና ላይ ያለችውን ሱስኬስን ለምን ትዘላላችሁ? እዚያ ኦላሮስ በሚባለው ጨው ሜዳ ላይ የሊቲየም ምርት ከጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል። በዙሪያው ያሉ ማኅበረሰቦች ተሰብስበው እሺ ብለዋል። የሱስኬስ ልጆች ዛሬ እዚያ ሹፌር፣ ኦፕሬተር፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናቸው። ድሮ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ፣ ወደ ሸንኮራው ይወርዱ ነበር። እነሱ ነባር ሕዝብ አይደሉም? ወይስ እምቢ ያለ ብቻ ነው የሚቆጠረው?

ጨው በረንዳ፦
ይቆጠራሉ እንጂ! ግን ልብ በል፣ እሺ ያለ ሰው ካለ ሰው አለ ማለት ነው። ባዶ አይደለም። ራስህ አፈረስከው።

ባትሪ ሰው፦
ባዶ ያልኩት እኔ አይደለሁም። ተንታኙ ነው።

ጨው በረንዳ፦
«ስድብ አይደለም» ብለህ የተከላከልክለት ግን አንተ ነህ።

የድሮ መምህር፦
ልጆች፣ ይሄ ነገር በሊቲየም አልተጀመረም። በ1946 ከፑና 170 ያህል ኮያዎች በእግርና በበቅሎ ተነሱ። መሬታችን በባለርስቶች ተይዟል፣ ይመለስልን ብለው ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ቦነስ አይረስ ገቡ። ጉዞው «የሰላም ማሎን» ተባለ። ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ፕሬዚዳንቱ ፔሮንም ተቀበሏቸው። ያሳደሯቸው ግን ከአውሮፓ ለሚመጡ ስደተኞች በተሠራው ሆቴል ነው። በገዛ አገራቸው! ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በግድ ባቡር ላይ ጭነው መለሷቸው። በ2023 ልጆቻቸው ሦስተኛውን ማሎን አደረጉ። ኦገስት 1፣ የፓቻማማ (የእናት ምድር) ቀን፣ ቦነስ አይረስ ገቡ። ባዶ መሬት የምትሉት ለሰባ ሰባት ዓመት የሚጮህ ሰው አለው።

ከተሜው፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የ1946ቱ ጥያቄ የርስት ነበር። የ2023ቱ ፖለቲካ ነው። የያኔው የሁሁይ አገረ ገዥ ሞራሌስ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት እየተወዳደሩ ስለነበር ተቃዋሚዎቻቸው አጋጣሚውን ተጠቀሙበት።

የድሮ መምህር፦
እንግዲያው ማን ቀድሞ ፖለቲካ አደረገው? የክፍለ ሀገሩን ሕገ መንግሥት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀይሮ፣ በጁን አጋማሽ ሌሊቱን አጽድቆ፣ መንገድ መዝጋትን የከለከለው ማን ነው? መምህራኑ ስለ ደመወዝ፣ ኮያዎቹ ስለ መሬት በአንድ ቀን አደባባይ የወጡት ለዚያ ነው። ፑርማማርካ በምትባለው ከተማ ፖሊስ የጎማ ጥይት ተኮሰ፤ ዓይኑን ያጣ ወጣት አለ። ከዚያ በኋላ ነው አገረ ገዥው መሬትንና የነባር ሕዝብን መብት የሚነኩትን ሁለት አንቀጾች ወደነበሩበት እመልሳለሁ ያሉት። ስህተት ካልነበረበት ለምን መለሱት?

ባትሪ ሰው፦
መንገድ መዝጋትም ዝም የሚባል አይደለም። መንገድ 9 ወደ ቦሊቪያ ድንበር፣ ወደ ላ ኪያካ ይሄዳል። መንገድ 52 በሃማ መተላለፊያ ቺሊ ይገባል። ፑርማማርካ ላይ ስትቆልፈው ሁለቱንም ቆለፍክ። ሆስፒታል የሚሄድ አለ። አትክልቱ የሚበሰብስበት ገበሬ አለ። ከ2003 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበው የኡማዋካ ሸለቆ በቱሪስት ነው የሚኖረው። ባለ ሰባት ቀለሙ ተራራ ሥር ሻርፕ የምትሸጠው እናት ስንት ቀን ሳትሸጥ ዋለች?

የማድሪዷ፦
እሷ ራሷ እኮ ናት መንገዱ ላይ የተቀመጠችው!

ጨው በረንዳ፦
ወደ ውሃው እንመለስ። ዋናው ነገር እሱ ነው። ሊቲየሙ የሚገኘው ከጨው ሜዳው ሥር በሚሳብ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነው። ትልልቅ ኩሬ ውስጥ ያፈሱታል፣ ፀሐይና ነፋስ ከአንድ ዓመት በላይ ያተኑታል። ለአንድ ቶን ምርት በብዙ መቶ ሺህ ሊትር የሚቆጠር ውሃ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ዝናብ በሌለበት አገር!

ባትሪ ሰው፦
ያ ውሃ ከባሕር ውሃ በብዙ እጥፍ ይጨማል። ላማም አይጠጣውም፣ ሰውም አይጠጣውም። ይሄን ለሕዝብ ሳትናገሩ «ውሃ ጠፋ» ማለት ማስፈራራት ነው።

ጨው በረንዳ፦
ጨዋማው መሐል ላይ ነው፣ ንጹሑ ዳር ላይ ነው። ከሥር ይገናኛሉ። መሐሉን በሳብክ ቁጥር የዳሩ ወደ መሐል ይሸሻል። ረግረጉና ምንጩ፣ ላማው የሚሰማራበት ለምለም ቦታ፣ ያለው ዳር ላይ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካው ራሱ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ሁሉም ኩባንያ ለየብቻው ያስጠናል፣ ከሥር ያለው የውሃ ገንዳ ግን አንድ ነው። የሁሉንም ድምር የሚለካው ማን ነው? ኮያዎቹ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰዱት ጥያቄ ይሄ ነው። «ካለፈ በኋላ እናያለን» የሚባለውን ደግሞ ፑና ላይ ባለችው አብራ ፓምፓ ከተማ አይተውታል። ሜታል ዋሲ የተባለው ማቅለጫ ተዘጋ፣ የእርሳስ ዝቃጩ ግን ሰፈር መሐል ተከምሮ ለዓመታት ቀረ። በልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ።

ከተሜው፦
ሜታል ዋሲ የእርሳስ ነው። ሊቲየም አይደለም። አታገናኝ።

ጨው በረንዳ፦
ማዕድኑን አላገናኘሁም። የሚቆጣጠረውን መንግሥት ነው ያገናኘሁት።

አዲስ ባለመኪና፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኛ አገር ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እኔም የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ነው የምነዳው። ባትሪው ሊቲየም አለው። ካውቻሪ-ኦላሮስ በሚባለው ሌላው የሁሁይ ሊቲየም ማምረቻ ላይ ትልቁ ባለድርሻ የቻይናው ጋንፌንግ ነው። ታዲያ መኪናውን እየነዳን ማዕድኑን መቃወም እንችላለን?

የማድሪዷ፦
ለምን አንችልም? ስኳር ስለበላን በሁሁይዋ የስኳር ከተማ በሌዴስማ የተሠራውን ዝም እንበል? በጁላይ 1976 የወታደራዊው አገዛዝ ሰዎች ሌሊት መብራት አጥፍተው ከስኳር ፋብሪካው ከተማ ሠራተኛውን፣ ተማሪውን አፍሰው ወሰዱ። በኩባንያው መኪና መጫናቸውን ምስክሮች ተናግረዋል። እስከ ዛሬ ያልተመለሱ አሉ። ዕቃውን የሚገዛ ሰው ከሁሉ በላይ የመጠየቅ መብት አለው።

ከተሜው፦
አሁን ደግሞ ወታደራዊ አገዛዙን አመጣሽው። ክርክሩ ሌላ ነው።

የጉጂ ልጅ፦
ክርክሩ ሌላ አይደለም። ቀንጢቻ ላይ እኛም ሊቲየም አለን። ድሮ ታንታለም የተባለው ማዕድን ሲወጣበት ዙሪያው ያለው ሰው ምን እንዳገኘ የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቁ። ስለዚህ የሁሁይን ነገር በደንብ ንገሩኝ። ገንዘቡ ለማን ነው የሚገባው?

ባትሪ ሰው፦
ይሄ ነው ጥያቄ! የ1994ቱ ሕገ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብት የክፍለ ሀገሩ ነው ይላል። ሁሁይም ከሌሎቹ ተሽላለች። የራሷ ኩባንያ በኦላሮስም በካውቻሪም 8.5 በመቶ ድርሻ አለው። ካውቻሪ ላይ ደግሞ 300 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሠርታለች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ። ባዶ የተባለው ቦታ ዛሬ መብራት ይሸጣል።

የማድሪዷ፦
«ባዶ የተባለው ቦታ» አልክ። ደረስክ እኮ። የቀረውን ግን ደበቅከው። በ1993ቱ የማዕድን ሕግ፣ እንደ ኦላሮስ ባሉ ቀድመው በተጀመሩ ፕሮጀክቶች ላይ፣ ሮያሊቲ (ክፍለ ሀገሩ ከማዕድኑ የሚቀበለው ክፍያ) ከ3 በመቶ አይበልጥም። ኦላሮስ ላይ ያለው የ8.5 በመቶ ድርሻም የተገዛው በብድር ነው፤ ዕዳው ከትርፍ ክፍፍሉ እየተቆረጠ ነው የሚከፈለው። ትርፍ ከሌለ ክፍፍል የለም። የሊቲየም ዋጋ በ2022 ሰማይ ነካ፣ በ2024 ከሩቡም በታች ወረደ። ያኔ ክፍለ ሀገሩ ምን አገኘ?

ባትሪ ሰው፦
ዋጋ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሥራው ይቀጥላል።

የጉጂ ልጅ፦
ስለ 3 በመቶው ግን አልመለስክም። ከምኑ ነው 3 በመቶ? ኩባንያው ራሱ ከሚያስታውቀው ዋጋ ነው? ቶኑንስ የሚመዝነው ማን ነው?

ከተሜው፦
እኔ አሁንም ስለ ሳፕላ ያልኩት አልተመለሰም።

የድሮ መምህር፦
የጉጂው ልጅ የጠየቀው ይቅደም። ባትሪ ሰው፣ እስቲ መልስለት።