የባሬዮስን የቴፕ ካታሎግ ከማሪያዲቢ ወደ ፖስትግሬስ ስናዛውር የማይሻገረው ምንድን ነው?

ሂርማታ_ሰርቨር (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ባካፕ የሚሠራው ባሬዮስ 18 የተባለው ሶፍትዌር ነው፣ ካታሎጉም (የትኛው ፋይል በየትኛው ቴፕ ላይ እንዳለ የሚመዘግበው) ማሪያዲቢ የተባለው ዳታቤዝ ላይ ነው ያለው። 140 የኤልቲኦ-6 (የባካፕ ቴፕ ዓይነት፣ 6ኛ ትውልድ) ቴፕ አለን። አዲስ ሰርቨር መጥቶልናል፤ አዲሱ የባሬዮስ እትም ግን ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ካልሆነ አይሠራም። የፋይል ሰንጠረዡ ብቻ ወደ 60 ሚሊዮን ረድፍ ይደርሳል፣ ብዙው የፋይል ስም በአማርኛ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከተጻፉት ቴፖች አንድ ፋይል ስንፈልግ ካታሎጉ ባዶ ነው የሚለን። ማዛወሩ ይህን ያስተካክልልናል? ሌላው፣ የወረቀት መዝገባችን በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከካታሎጉ ጋር ማመሳከር አስቸግሮናል።

ቴፕ_ቤት
አያስተካክለውም። ከአሮጌው ካታሎግ የተሰረዘ ነገር በአዲሱም አይኖርም። ባሬዮስ ላይ ካልቀየርከው የማቆያ ጊዜው ለፋይል ዝርዝር 60 ቀን፣ ለጆብ (ለአንድ ዙር የባካፕ ሥራ) መዝገብ 180 ቀን፣ ለቴፑ 365 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሊሰረዝ ይችላል። የፋይል ዝርዝሩ ጠፍቶ የጆብ መዝገቡ ካለ፣ ሪስቶር ስታደርግ (ከቴፕ ስትመልስ) «ፋይሎቹ ተሰርዘዋል፣ ጆቡን በሙሉ ልመልስ?» ይልሃል፤ አንዱን ፋይል ከዝርዝር መርጦ ማውጣት ግን የለም። የጆቡም መዝገብ ከሌለ ቴፑን ቢስካን በተባለው የባሬዮስ መሣሪያ አንብቦ ዝርዝሩን እንደገና መገንባት ነው። አንድ ሙሉ ኤልቲኦ-6 2.5 ቴራባይት ነው፣ ድራይቩ በሴኮንድ 160 ሜጋባይት ቢያነብ እንኳ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የሚያስፈልጓችሁን ቴፖች ብቻ ለዩ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ጆቦቹ በሙሉ ከካታሎግ የወጡበት ቴፕ «ፐርጅድ» ተብሎ እንደገና ሊጻፍበት ይችላል። የ2012ቱ ቴፖች ያሉት እዚህ አደጋ ላይ ነው። ዛሬውኑ ካርትሬጁ ጎን ላይ ያለችውን የመጻፊያ መከልከያ ቁልፍ ግፉ፣ ካታሎጉም ላይ ሁኔታቸውን «ሪድ-ኦንሊ» አድርጉት። ፑሉ (ቴፖቹ የተመደቡበት ቡድን) ላይ የማቆያ ጊዜውን ማርዘም ብቻ አይበቃም፤ ጊዜው በእያንዳንዱ ቴፕ መዝገብ ላይ ተጽፎ ስለተቀመጠ ነባሮቹን ቴፖችም ከፑሉ ላይ ማደስ ያስፈልጋል።

ጅሬን_ዲቢ
ማዛወሩን በተመለከተ፦ ከ21ኛው እትም ጀምሮ ማሪያዲቢ የለም፤ ስለዚህ ወደ 20 ወጥታችሁ፣ ሰንጠረዦቹን አሳድሳችሁ፣ እዚያው 20 ላይ ካታሎጉን የሚገለብጠውን ባሬዮስ-ዲቢኮፒን አስኪዱ። ዳይሬክተሩ (ጆቦቹን የሚመራው የባሬዮስ ክፍል) መቆም አለበት። አስቀድሞ ራስ-ሰር ስረዛውን አጥፉ፣ የዳታቤዙን ሙሉ ዳምፕ (ቅጂ) ያዙ፣ ቀጥሎ ካታሎጉን በሚመረምረው በዲቢቼክ ባለቤት የሌላቸውን ረድፎች አጽዱ። 60 ሚሊዮን ረድፍ ላይ የማጽዳቱ ጥቅም ብዙ ነው።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበት ደንብ) ላይ ነው። ማሪያዲቢ የፋይል ስምን ባይቱን ሳይነካ በብሎብ (እንደ ጥሬ ባይት) ያስቀምጣል። ፖስትግሬስ ላይ ዳታቤዙን በእጃችሁ ከፈጠራችሁት አብዛኛውን ጊዜ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ይወጣል፤ አማርኛውን በደንብ ይቀበላል፣ እያንዳንዱን ፊደል በ3 ባይት። ችግሩ የአማርኛው ስም አይደለም። ከድሮ ሊኑክስ ማሽኖች በሌላ ኢንኮዲንግ የመጣ አንድ የተበላሸ ስም ሲያገኝ «ልክ ያልሆነ ባይት» ብሎ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ከባሬዮስ ጋር በሚመጣው ስክሪፕት ፍጠሩት፤ ኤስኪውኤል-አስኪ አድርጎ ነው የሚሠራው፣ እሱም የመጣውን ባይት እንዳለ ይወስዳል።

ሰንጠረዦቹን በሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ በተለየ የጽሑፍ ፋይል) በእጅ እንገልብጥ የሚል ሐሳብ ካለ ተዉት። ፖስትግሬስ ሁሉም ዜሮ የሆነ ቀን አይቀበልም፤ ስም ተሰጥቶት ገና ያልተጻፈበት ቴፕ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን ሊኖረው ይችላል። ተራ ቁጥር ቆጣሪዎቹም ከ1 ይጀምሩና የመጀመሪያው ጆብ በተደጋጋሚ ቁልፍ ስህተት ይወድቃል።

የአዲሱን ሰርቨር የሰዓት ቀጠናም የአዲስ አበባ አድርጉት። የጆብ መነሻ ሰዓት ያለ ቀጠና ነው የሚቀመጠው፤ ሰርቨሩ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ አሮጌውና አዲሱ ጆብ በ3 ሰዓት ይለያያሉ።

ሂርማታ_ሰርቨር
እግዜር ይስጥልኝ። ዳታቤዙን በእጄ ነበር የፈጠርኩት፣ ያው እንዳልከው ባይት ላይ ቆመ። መብራትም መሀል ላይ ቢሄድስ?

ጅሬን_ዲቢ
ከቆመበት ለመቀጠል አትሞክር፤ የፖስትግሬሱን ዳታቤዝ ጥለህ ከባዶ ጀምር። ማሪያዲቢው ሲነበብ ብቻ ስለሆነ አይጎዳም። ዩፒኤሱ የሚይዝበትን ደቂቃ ለካ፣ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ጀምረው። ሲያልቅ የጆብ፣ የፋይል፣ የሚዲያ (የቴፖቹ)ና የጆብሚዲያ ሰንጠረዦችን የረድፍ ቁጥር በሁለቱም በኩል አወዳድር። በተለይ ጆብሚዲያን፤ ፋይሉ ቴፑ ላይ የት እንዳለ የሚያመለክተው እሱ ነው።

ቴፕ_ቤት
ቁጥሩ ስለገጠመ አትመኑ። ከሦስት የተለያየ ዕድሜ ካላቸው ቴፖች አንዳንድ ፋይል፣ አንዱ በአማርኛ የተሰየመ፣ ወደ ሌላ ፎልደር ሪስቶር አድርጋችሁ ክፈቱት።

ላይብረሪውም (ቴፖቹን በራሱ የሚቀያይረው ማሽን) ከተቀየረ የባርኮዱን ርዝመት እዩ። የኤልቲኦ ባርኮድ 6 ፊደልና ቁጥር ሆኖ መጨረሻው ላይ ኤል6 ይጨመርበታል። አሮጌው 8ቱንም እያነበበ አዲሱ 6ቱን ብቻ ካነበበ፣ አንድም ቴፕ ከካታሎጉ ስም ጋር አይገጥምም። የላይብረሪውን ቅንብር እንጂ የካታሎጉን ስም አትንኩ፤ ያው ስም ቴፑ ራሱ ላይ ተጽፏል። ድራይቩም ኤልቲኦ-8 ከሆነ ኤልቲኦ-6ን ጭራሽ አያነብም፣ ኤልቲኦ-7 ግን ያነባል። ለድሮዎቹ ቴፖች አሮጌውን ድራይቭ አታስወግዱ።

ስለ መዝገቡ፦ መስከረም 1 ቀን 2012 ካታሎጉ ላይ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው፣ 11 አይደለም፤ የ2011 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ማታ በ3 ሰዓት የተጀመረው ደግሞ 21 ሰዓት ተብሎ ይገኛል፣ ከእኩለ ሌሊት ካለፈ ማለቂያው በማግስቱ ቀን ነው። መዝገቡን በቀን ከምታመሳክሩ በባርኮድ አመሳክሩት፣ ቀኑን ለማረጋገጫ ብቻ ተጠቀሙበት።